የምትኖሩበትን ቤት ቀቡት

ጤና ይስጥልኝ፤ እንደምን አመሻችሁ። ጥሪያችሁን አክብሬ ስለመጣሁ ደስ ብሎኛል። ይህን አዳራሽ ያገኛችሁልን የእድሩ ሽማግሌዎች፣ እግዜር ይስጥልን።

ሥራዬ የቤት ቀለም ነው። እቀባለሁ፣ የተሰነጠቀ እደፍናለሁ፣ የላላ ልስን አራግፌ እንደገና እለስናለሁ። በዚህ ሥራ እንጀራ እበላለሁ፣ ልጆቼንም አሳድግበታለሁ። ዛሬ ግን ሥራውን ላስተምራችሁ አልመጣሁም። ሥራው ስለ ኑሮ ያሳየኝን ላካፍላችሁ ነው።

ሰው ቤት ለሥራ ስጠራ፣ ገና ጫማዬን ሳላወልቅ የምሰማው ነገር አለ። "ብዙ አትልፊበት፣ ለጊዜው ነው።" አንዷ ኮንዶሚኒየም እስኪደርሳት ነው። ሌላው ሰፈሩ ለልማት እስኪነሳ ነው። ሌላው የጀመረው ቤት እስኪያልቅ፣ ወይም ወንድሙ ከውጭ ገንዘብ እስኪልክ። ከዚያ ዙሪያዬን አያለሁ። በር መቃኑ ላይ የልጆች ቁመት በእርሳስ ተሰምሯል። ዝቅ ብሎ አንድ መስመር፣ ከፍ ብሎ ሌላ፣ ላይኛው እኔ ትከሻ ጋ ደርሷል። ለጊዜው በተባለው ቤት ውስጥ ልጅ ተወልዶ፣ ዳዴ ብሎ፣ አድጎ፣ ጎረምሳ ሆኗል። ሠርግ ተደግሶበታል። ድንኳን ተጥሎ ተለቅሶበታል።

የምለው ይኼንን ነው። ብዙዎቻችን የምንኖርበትን ቤት ሳንኖርበት እናልፋለን። የወደፊቱን ቤት በሐሳባችን እንቀባለን፣ መጋረጃውን እንሰቅላለን፣ የዛሬው ጣሪያ ደግሞ ያፈስሳል።

ሰዉ ሰነፍ ስለሆነ ነው አልልም። ምክንያት አለው። በተለይ አዲስ አበባ ውስጥ ያደጋችሁ ታውቁታላችሁ። ሐምሌ 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። የወር ኪራያቸው ከ100 ብር በታች የነበሩት ቤቶች ወደ ቀበሌ ሄዱ። ከዚያ በላይ የነበሩት ኪራይ ቤቶች የምንለው መሥሪያ ቤት ገቡ። ኪራዩም ተቀነሰ። ለብዙ ድሃ ቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ነበር፣ ይህ አይካድም። ግን በወር ጥቂት ብር የሚከፈልበትን ቤት ማን ያድሰው? ለቀበሌው ገቢው ለጥገና አይበቃም። ተከራዩ "የእኔ አይደለም" ይላል። ላድስ ቢልም ፈቃድ ጠይቆ መመላለስ አለበት። ሁለቱ ሲተያዩ ቆርቆሮው ዛገ፣ ማገሩ በምስጥ ተበላ። ከዚያ ደግሞ "ይፈርሳል" የሚለው ወሬ መጣ። ዘንድሮ ይፈርሳል፣ ለከርሞ ይፈርሳል። የሚፈርስ ቤት ላይ ማን ገንዘብ ያወጣል?

እኔም ያደግኩት እንዲህ ባለ የቀበሌ ቤት ውስጥ ነው። ጭቃ ቤት፣ ቆርቆሮ ክዳን፣ ኮርኒሱ ተሰፍቶ የተወጠረ የማዳበሪያ ከረጢት። እናቴ ግን ክረምት ወጥቶ መስከረም ሲጠባ እጅጌዋን ትሰበስብ ነበር። ክረምቱን ሙሉ ከክዳኑ የሚወርደው ውሃ መሬት እየመታ ወደ ግድግዳው ይረጫል። የግድግዳው እግር ይሸረሸራል። ከውስጥ ያለው እንጨት ብቅ ይላል።

ጭቃ ማቡካቱን እንደ ቀላል ነገር የሚያይ ሰው አለ። ሙያ ነው። አፈሩ ይለቀማል፣ ድንጋዩና ሥሩ ይወጣል። የጤፍ ጭድ ይነሰነስበታል፣ ውሃ ይጠጣል፣ በእግር ይረገጣል። ከዚያ ይተዋል። በማግስቱ እንደገና ውሃ፣ እንደገና እርግጫ። ጭዱ እስኪበሰብስና ጭቃው እስኪቦካ ይጠበቃል። ሲቦካ ይሸታል። እኛ ልጆቹ አፍንጫችንን ይዘን እንሸሻለን። እናቴ ቁንጥር አድርጋ በሁለት ጣቷ መካከል ታሸዋለች። ካልሳበ አልደረሰም፣ ነገ ነው። ቸኩሎ ያልቦካ ጭቃ የለጠፈ ሰው፣ ሲደርቅ ቅርፊቱ እየተነሳ ይወድቅበታል።

የመጀመሪያው ምርጊት ሲደርቅ ይሰነጠቃል። ልጅ ሆኜ ተበላሸ ብዬ አዝን ነበር። ኋላ ነው የገባኝ። ሁለተኛው፣ ቀጭኑ ልስን ግድግዳውን ጨምድዶ የሚይዘው እዚያ ስንጥቅ ውስጥ እየገባ ነው። ለስላሳ ሆኖ የደረቀ ምርጊት ላይ ሁለተኛው አይቆምም። ይኼንን አሁን በልጅ አስተዳደግም፣ በትዳርም፣ በሥራም ደጋግሜ አስበዋለሁ። መጀመሪያ ሲሠራ የተሰነጠቀ ነገር ሁሉ አልከሸፈም። ሁለተኛውን እጅ እየጠበቀ ሊሆን ይችላል።

ከልስኑ በኋላ ውስጡ ጋዜጣ ይለጠፍበታል። አዲስ ዘመን ነበር፤ ወረቀቱ ሰፊ ስለሆነ ቶሎ ይሸፍናል። በዱቄት ሙጫ ይለጠፍና ኖራ ይቀባል፤ ኖራ ያጠረ ዓመት ጋዜጣው እንዲሁ ይታያል። ታናሽ ወንድሜ ፊደል የለየው አልጋው ላይ ተጋድሞ ግድግዳውን እያነበበ ነው።

አንድ ቀን ጎረቤታችን "ለመንግሥት ቤት ምን ያደክምሻል?" ብለው እናቴን ጠየቋት። እሷም "የሚተኙበት የእኔ ልጆች ናቸው" አለችና ሥራዋን ቀጠለች። ከዚህ የረዘመ ንግግር አላደረገችም። ቤቱ አሁን የለም። ሰፈሩ ተነስቷል። ያ ሁሉ ጭቃ፣ ያ ሁሉ ኖራ ከንቱ ቀረ የሚለኝ ሰው አለ። እኔ እንዲያ አላየውም። በዚያ ቤት ያሳለፍነው ልጅነት ደረቅና ንጹሕ ነበር። ልጅነት ደግሞ ተመልሶ አይመጣም፣ አዲስ ቤት ቢገኝም።

እናቴ የተለየች አልነበረችም። ሀገራችን ውስጥ ቤትን በየጊዜው ማደስ የቆየ ልማድ ነው። ጉራጌ ሀገር መስቀል ሲቃረብ ሴቶቹ ቤቱን እንዴት እንደሚያሰማምሩት ከዚያ የመጣችሁ ንገሩን። ወለሉ ይለቀለቃል፣ ግድግዳው ይታደሳል፣ ዕቃው ሁሉ ወርዶ ይታጠባል። ከከተማ የሚመጣው ልጅ የሚገባው ወደ ታደሰ ቤት ነው። ሀላባ ቁሊቶ አካባቢ በመኪና ያለፈ ሰው ደግሞ የጎጆዎቹን ግድግዳ አይቷል፤ እንስሳ፣ አበባ፣ የተለያየ ምስል የተሳለባቸው ናቸው። ባለቤቶቹ ሀብታም ስለሆኑ አልሳሉትም።

ሐረር ሄዳችሁ የምታውቁ ጀጎል ውስጥ ያለውን የሐረሪ ቤት ታስታውሳላችሁ። ጀጎል ከ2006 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል፣ ግን ዛሬም ሰው ይኖርበታል። ከውጭ ጠባብ መንገድና ግንብ ነው፤ አንዱ ነጭ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ሮዝ። ውስጡ ሲገባ ነደባ የሚባሉ ከፍ ዝቅ ያሉ መቀመጫዎች አሉ። ቀይ ተቀብተዋል። ግድግዳው ላይ ሙዳይና ሰፌድ ተደርድሯል። በዓል ሲመጣ፣ ሠርግ ሲኖር ቀለሙ ይታደሳል። ያን ያህል ዘመን የቆየው ድንጋዩ ጠንካራ ስለሆነ ብቻ አይመስለኝም። በየትውልዱ ብሩሽ የሚያነሳ ሰው ስላልጠፋ ነው።

አሁን ወደ ውሃው ልመለስ። እኔን "ምን ዓይነት ቀለም ይሻላል?" ብሎ ለሚጠይቀኝ ሰው መልሴ "ውሃው በየት ነው የሚገባው?" የሚል ነው። ከአሥር ችግር ዘጠኙ እዚያ ነው ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

አንድ ባልና ሚስት ጠሩኝ። የመኝታ ቤታቸው ግድግዳ ከወለሉ እስከ ጉልበት ድረስ ቀለሙ አብጦ ይላጣል። ነጭ ነገር እንደ ጨው ያወጣል። ይቀባል፣ ከጥቂት ወር በኋላ ያው ነው። ሚስትየዋ ባሏ ርካሽ ቀለም ስለሚገዛ ነው ትላለች። እሱ ቀቢው ስለሰነፈ ነው ይላል። ነገሩ ወደ ጭቅጭቅ ደርሷል። ቁምሳጥኑ ሻግቷል፣ ትንሿ ልጃቸው ታስላለች።

አንድ ፌስታል ቆርጬ፣ ግድግዳው ላይ ዙሪያውን በፕላስተር አጥብቄ ለጠፍኩት። በማግስቱ መጥቼ አየሁ። ጠብታው የተከማቸው በግድግዳው በኩል፣ ከፌስታሉ ሥር ነበር። በክፍሉ በኩል ቢሆን ኖሮ የቤቱ አየር እርጥበት ነው፣ መስኮት ክፈቱ፣ ልብስ ውስጥ አታስጡ እላቸው ነበር። ይህኛው ግን ከግድግዳው የሚወጣ ነው። ስለዚህ ወደ ውጭ ዞርኩ። ከግድግዳው ጀርባ አትክልት ተተክሏል። አፈሩ ዓመት በዓመት እየተጨመረ ከቤቱ ወለል በላይ ከፍ ብሏል። ከላይ ያለው አሸንዳ ደግሞ መጋጠሚያው ላይ ተላቆ ውሃውን ቀጥታ እዚያ አፈር ላይ ያፈሰዋል። አትክልቱን የተከለችው ሚስት ናት፣ አሸንዳውን እጠግናለሁ ብሎ የተወው ባል ነው። ማንም ማንንም ሊጎዳ ብሎ አላደረገውም።

አፈሩን ዝቅ አደረግን፣ አሸንዳውን አስጠገኑ፣ ለውሃው መውረጃ ቦይ ተቆፈረለት። የወጣው ወጪ ለቀለም በየዓመቱ ከሚያወጡት ያነሰ ነበር። ከዚያ "አሁን አንቀባም" አልኳቸው። ደነገጡ። የጠጣውን ውሃ እስኪተፋ በጋውን ሙሉ ይተንፍስ አልኩ። ያበጠውን በስፓቱላ ፍቄ፣ ጨውን በደረቅ ብሩሽ አራግፌ ራቁቱን ተውኩት። ያ ራቁት ግድግዳ እንግዳ ሲመጣ ያሳፍራቸው ነበር። ግን ታገሡ። ሲደርቅ ቀባሁት። እስከ ዛሬ ይዟል።

ይኼን ታሪክ የማወራው ስለ ግድግዳ ብቻ አይደለም፤ መቼም ገብቷችኋል። ቤተሰብ ውስጥ ተመልሶ ተመልሶ የሚመጣ ጠብ ሲያጋጥመኝ፣ ከጀርባው ምን አለ ብዬ ዞሬ ማየት የለመድኩት ከዚህ ሥራ ነው። ላዩን ማሳመር ሲደጋገም ዋጋው ይወደዳል። ራቁቱን ትቶ ለጥቂት ጊዜ ማፈር ይረክሳል። ልጅ ትምህርት ጠልቶ ሲያስቸግር አዲስ ቦርሳ፣ አዲስ ጫማ እንገዛለን። ምናልባት ክፍሉ ውስጥ የሚያስጨንቀው ሰው አለ። ገበታው ስለማይታየው ይሆናል። ዞር ብሎ ማየት ነው።

ኮንዶሚኒየም የደረሳችሁ ወይም አዲስ ግንብ ያሠራችሁ ደግሞ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ቁልፍ የተቀበለ ሰው ደስታው አያስቀምጠውም፣ እኔም ደስ ይለኛል። ግን ግድግዳው ገና በሲሚንቶ ከተለሰነ ቢያንስ 28 ቀን ጠብቁ። ሲሚንቶ ሲደርቅ ውሃ ብቻ አይደለም የሚወጣው፤ ውስጡ ያለው የኖራ ጠባይ ቀለሙን፣ በተለይ የዘይቱን፣ ይበላዋል። ቤት ለመመረቅ ተብሎ በሳምንቱ የተቀባ ቤት ስንት ጊዜ ጠርተውኝ ፍቄአለሁ! ጭቃ ቤት ያላችሁ ደግሞ የዘይት ቀለም ወይም የሲሚንቶ ልስን አትጫኑበት። ጭቃ መተንፈስ አለበት። አፉን ስትዘጉት እርጥበቱ ውስጥ ይቀራል፣ እንጨቱን ያበሰብሳል። ለጭቃ ኖራ ይበቃዋል፣ ያምርበታልም። ውድ ነገር ሁሉ ለሁሉም አይሆንም።

ወላጆች፣ ይኼን ደግሞ ልብ ብላችሁ ስሙኝ። የድሮ የዘይት ቀለም፣ በተለይ የሚያብረቀርቀው፣ እርሳስ ሊኖርበት ይችላል፤ የምንጽፍበትን ሳይሆን ሌድ የሚባለውን መርዛማ ብረት ማለቴ ነው። እርሳስ የልጅን አእምሮ ይጎዳል፣ ጉዳቱም አይመለስም። ሀገራችን በ2018 እ.ኤ.አ. ደንብ አውጥታ በቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከ90 ፒፒኤም እንዳይበልጥ ወስናለች። ይህ ማለት በሚሊዮን ውስጥ 90 እጅ ነው። ደንቡ ግን ቤታችሁ መስኮት ላይ ከድሮ ጀምሮ ያለውን ቀለም አያነሳውም። የድሮ ቀለም በደረቁ በብርጭቆ ወረቀት አትፈግፍጉ። አርጥቡት። ልጅና ነፍሰ ጡር ከቤት ይውጡ። ብናኙን በመጥረጊያ አታጉኑት፣ በእርጥብ ጨርቅ ሰብስቡት።

ተከራዮቹ ደግሞ ፊታችሁ ላይ የማየው ጥያቄ አለ። "ብቀባው አከራዩ ኪራይ ይጨምርብኛል።" እውነት ነው፣ የደረሰባቸው ሰዎች አውቃለሁ። ቤቱን አሳምረው፣ አሳምረው ስላሳመሩት ውጡ የተባሉ አሉ። ይህ በደል ነው፤ ቀለል አድርጌ ላልፈው አልፈልግም። አሁን ግን የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 አለ። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት። ቢያንስ ሁለት ዓመት ነው። ጭማሪም እንደፈለገ አይደለም፤ መንግሥት በዓመት አንዴ በሚያወጣው መጠን ነው። ውላችሁን አስመዝግቡ። ከመቀባታችሁ በፊት አከራያችሁን አነጋግሩ። ብዙ አከራይ "ቀለሙን እኔ ልግዛ፣ ጉልበቱን አንተ ቻል" ሲባል ይስማማል፤ ቤቱ የእሱ ነዋ። የተስማማችሁትን ወረቀት ላይ አስፍሩት።

ሁለት ዓመት ደግሞ ትንሽ አይደለም። ልጅ በሁለት ዓመት ውስጥ አፉን ፈትቶ ይሮጣል። አንድ ባልዲ ቀለም፣ አንድ ሩሎ፣ አንድ ቅዳሜ። ኮርኒሱን ነጭ አድርጉት፣ መስኮት ለሌለው ክፍል ብርሃን ይጨምርለታል። አንድ ወፍራም እጅ ከመቀባት ሁለት ቀጭን እጅ ይሻላል። ቀለሙን ሱቅ ውስጥ ባለችው ትንሽ ካርድ አትምረጡ። ትንሽ ገዝታችሁ ግድግዳው ላይ ቀቡና ጠዋትም ማታም እዩት። ጠዋት ፀሐይ ላይ ደስ ያለ ቢጫ ማታ በአምፖል ሊያስጠላ ይችላል። ቤቱን የምታዩት ደግሞ በአብዛኛው ማታ ነው።

ልጨርስ ነው። በክረምት በጎ ፈቃድ የአቅመ ደካሞችን ቤት ስናድስ ያየሁት አንድ ነገር አለ። ወጣቶቹ ይመጣሉ፣ ቆርቆሮ ይቀይራሉ፣ ጭቃ ይመርጋሉ፣ የተረፈ ቀለም ከየቦታው ሰብስበው ይቀባሉ። እግዜር ይባርካቸው፣ ትልቅ ሥራ ነው። ባለፈው የአንዲት እናት ቤት እያደስን ሳለ አንዷ ልጅ፣ ገና ተማሪ ናት፣ ብሩሿን አስቀምጣ ወደ እሳቸው ሄደች።

"እማማ፣ በሩን ምን ዓይነት እናድርግልዎት?" አለቻቸው።

"ያላችሁን ልጄ፣ ምን ቸገረኝ" አሉ።

"አይ፣ የሚወዱትን ይንገሩኝ።"

ዝም አሉ። ከዚያ "ውሃ ሰማያዊ" አሉ። "ያባቴ ቤት በር ውሃ ሰማያዊ ነበር።"

ውሃ ሰማያዊ አልነበረንም። ልጅቷ ከነጩ ላይ ቀንሳ፣ ከሰማያዊው እያንጠባጠበች፣ እንጨት ላይ እየሞከረች እያሳየቻቸው ቀለሙን አመጣችው። "ትንሽ ይደብዝዝ፣ ትንሽ ይደብዝዝ" እያሉ እሳቸው ናቸው የመጠኑት። ከዚያ ወዲህ ለማንም ቤት ስሄድ፣ ነፃም ይሁን በክፍያ፣ በቤቱ የሚኖረውን ሰው ሁሉ ምን እንደሚወድ እጠይቃለሁ። አያቱንም፣ ልጁንም፣ የቤት ሠራተኛዋንም። የሠራተኛዋ ክፍል ሁልጊዜ በተረፈ ቀለም ነው የሚቀባው፤ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እሷም እዚያ ትኖራለች። እሷም ቀለም ትመርጣለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ እዚሁ ሰፈር የሁለት አረጋውያን ቤት እናድሳለን። ጣሪያውን አይቼዋለሁ፣ ከቀለሙ በፊት ሦስት ቆርቆሮና አንድ አሸንዳ ይፈልጋል። ቀለም እኔ ይዤ እመጣለሁ። ረጅም መሰላል ግን የለንም። ያላችሁ ስትወጡ በሩ ላይ ንገሩኝ።